«ብስክሌት አለህ?» ከተባለ በኋላ፦ የእንግሊዝኛ የቃል ፈተናና የአያቶች እገዛ

«ዱ ዩ ሃቭ ኤ ባይሲክል?» ብስክሌት አለህ ወይ ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ የቃል ፈተና የተቀመጠ ልጅ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ቃሉን ሁሉ ያውቀዋልና። «ኖ» ይልና ዝም ይላል። ፈታኙ ይጠብቃል፤ ልጁም ይጠብቃል። ጥያቄው ገብቶታል፣ መልሱም እውነት ነው፤ ነጥብ የሚያሰጥ ነገር ግን ገና አልተናገረም።

በፔታህ ቲክቫ በብዙ የቤተ እስራኤል ቤቶች እንዲህ ያለው ፈተና ሁለት ዓይነት ተፈታኝ አለው። አንደኛው እዚሁ ሳሎን ውስጥ ለባግሩት የሚዘጋጀው የልጅ ልጅ ነው። ሁለተኛው በስልክ ያለው ነው፤ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሆኖ ወደ ካናዳ ወይም ወደ እንግሊዝ አገር ለትምህርት ለመሄድ አይኤልትስ ለሚባለው ፈተና የሚዘጋጅ የወንድም ወይም የእህት ልጅ። ለሁለቱም ነገሩ የዋዛ አይደለም። የባግሩት እንግሊዝኛ በ3፣ በ4 እና በ5 ይሂዶት ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 4 ይሂዶት ይጠየቃል። ለአይኤልትሱ ልጅ ደግሞ የግማሽ ነጥብ ጉድለት የትምህርት ቦታውን ሊያስቀርበት ይችላል፤ እንደገና ልፈተን ካለም እንደገና ይከፍላል።

አያቶች በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከክፍሉ ይወጣሉ። «እኔ እንግሊዝኛ የማላውቅ፣ ምን ልረዳው?» ይላሉ። ሊረዱ የሚችሉት ግን ብዙ ነው። ይህም የሚታየው ፈተናው እንዴት እንደሚሠራ ሲታወቅ ነው።

አይኤልትስ የንግግር ክፍሉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን ከአንድ ፈታኝ ጋር ፊት ለፊት የሚደረግ ጭውውት ነው። ንግግሩ በሙሉ ይቀዳል። መጀመሪያ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ስለ ራስ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ልማድ ቀላል ቀላል ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ «ብስክሌት አለህ?»፣ «ልጅ ሳለህ ትነዳ ነበር?»፣ «በከተማህ ሰው ብስክሌት ይወዳል?» የመሳሰሉት እዚህ ይገባሉ። ቀጥሎ አንድ ካርድ ይሰጠዋል። አንድ ደቂቃ ያስባል፣ በወረቀት ማስታወሻ ይጽፋል፣ ከዚያ ብቻውን ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይናገራል። በመጨረሻ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ሐሳብን የሚፈትኑ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ከተሞች ለብስክሌት የተለየ መንገድ ሊሠሩ ይገባል ወይ፣ ሰዎች ለምን መኪናን ይመርጣሉ የመሳሰሉት።

የባግሩቱ የቃል ፈተና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኮምፒውተር ሆኗል። ተማሪው ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ በማይክሮፎን ይመልሳል፤ ስለ ራሱ ይጠየቃል፣ በትምህርት ቤት ስለ ሠራው የጥናት ሥራ ይጠየቃል፣ አጭር ፊልምም አይቶ ስለ ፊልሙ ይጠየቃል። ፊት ለፊቱ የሚያየው ሰው የለም። ፈገግ ብሎ የሚያበረታታም፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚልም የለም። ስለዚህ «ኖ» ብሎ የሚያቆም ልጅ በኮምፒውተሩ ፊት የበለጠ ይጎዳል።

ብስክሌት ለምን ይጠየቃል? ልዩ እውቀት ስለማይፈልግ ነው። ፈተናው ተፈታኙ ስለ ብስክሌት ምን ያህል እንደሚያውቅ ሳይሆን እንዴት እንደሚናገር ነው የሚመዝነው፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ትንሽ የሚለው ነገር ያለበት ርዕስ ይመረጣል። ዛሬ ብስክሌት፣ ነገ ጃንጥላ፣ ከነገ ወዲያ ጫማ ሊሆን ይችላል። የተዘጋጀ መልስ በቃል ማጥናት የማይረዳውም በዚህ ምክንያት ነው። የተሸመደደ መልስ ድምፁ ያስታውቃል፤ ልምድ ያለው ፈታኝ ወዲያው ይለየውና ያልታሰበ ጥያቄ ያስከትላል።

በአይኤልትስ አራት ነገሮች እኩል ይመዘናሉ። ንግግሩ ሳይቆራረጥና ሳይምታታ መሄዱ፣ የቃላቱ ስፋት፣ ሰዋስው፣ የድምፅ አወጣጥ። በእነዚህ አራት ውስጥ «መልሱ ትክክል ነው ወይ?» የሚል ሚዛን የለም። ብስክሌት ነክታ የማታውቅ ልጅ ነድቼ አላውቅም ብትል አንዲት ነጥብ አይጎድልባትም። ምክንያቱን ሳትናገር ዝም ካለች ግን ይጎድልባታል።

ለአገር ቤት ሰው አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በእኛ ባህል ልጅ ታላቅ ፊት ሲጠየቅ አጭር ይመልሳል፤ ዓይኑን ዝቅ፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያልተጠየቀውን አይጨምርም። ይህ ጨዋነት ነው፣ ያሳደጉትም እነዚሁ አያቶች ናቸው። ፈተናው ግን ጨዋነቱን አያይለትም፤ ዝቅ ያለውን ድምፅ እንደ አለማወቅ ይቆጥረዋል። ጎረቤቱ የተቀመጠው እዚሁ የተወለደ ልጅ ምናልባት ከእሱ ያነሰ እንግሊዝኛ እያወቀ፣ እየተሳሳተም፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያወራና የተሻለ ያገኛል። ይህ ፍርድ ልክ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ልጁ ጨዋነቱን መጣል የለበትም፤ ነገር ግን ፈተና ቤት ሲገባ ረጅም መልስ እንደ ድፍረት እንደማይቆጠር፣ የተጠየቀውም እንዲያወራ እንደሆነ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ይህን ደግሞ ከመምህር ይልቅ አያት ቢነግረው ይበልጥ ይቀበለዋል። ዝም በል ያለው ሰው ራሱ ተናገር ሲለው ይቀለዋልና።

ታዲያ እንዴት ይናገር? ድስት የሚቆመው በሦስት ጉልቻ ነው፤ መልስም እንዲሁ ነው። አንደኛው ጉልቻ መልሱ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ምክንያቱ፤ ሦስተኛው አንዲት አጭር ታሪክ። ከላይ የተጠየቀችው ልጅ እንዲህ ብትል ሦስቱም ይሟላሉ፦ «ኖ፣ አይ ዶንት። አይ ግሩ አፕ ኢን ኤ ቪሌጅ ዊዝ ስቲፕ ሮድስ፣ ሶ ዊ ዎክድ ኤቭሪዌር። ዋንስ፣ ማይ አንክል ብሮት ኤ ባይሲክል ፍሮም ጎንደር፣ ኤንድ ኦል ዘ ቺልድረን ራን ቢሃይንድ ኢት።» ትርጉሙ፦ የለኝም። ያደግሁት መንገዱ ዳገት ቁልቁለት በሆነበት መንደር ነው፣ ስለዚህ የትም የምንሄደው በእግር ነበር። አንድ ጊዜ አጎቴ ከጎንደር ብስክሌት ይዞ መጣና የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከኋላው ሮጠ። ከ20 ሰከንድ አይበልጥም። ቃላቱ ከባድ አይደሉም፤ ግን የኃላፊ ጊዜ አለበት፣ ምክንያት አለበት፣ የሚታይ ነገር አለበት።

ሦስተኛው ጉልቻ፣ ታሪኩ፣ ከመጽሐፍ አይገኝም። ከአያት ነው የሚገኘው።

ስለ ቃላቱም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ልጆቻችን የሚሳሳቱት በዘፈቀደ ሳይሆን ከሚናገሩት ቋንቋ ተነሥተው ነውና። በአማርኛ መኪናም ብስክሌትም «ይነዳል»። ስለዚህ ከአገር ቤት የመጣ ተማሪ «ድራይቭ ኤ ባይሲክል» ይላል። በእንግሊዝኛ ግን ድራይቭ ለመኪና ነው። ብስክሌትን «ራይድ» ነው የሚሉት፤ ይህም ለፈረስና ለበቅሎ የሚሉት ቃል ነው። ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ኮርቻ ያለው ነገር ሁሉ ራይድ ነው። በበቅሎ ስንት ቀን የተጓዙ አያት ይህን አንድ ጊዜ ቢነግሩት ልጁ አይረሳውም። ዕብራይስጡም «ሊርኮቭ» ሲል ለፈረስም ለብስክሌትም አንድ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የተማሩት በዚህ ብዙ አይሳሳቱም።

እነሱ የሚሳሳቱት በሌላ ነው። በዕብራይስጥ ብስክሌት «ኦፋናይም» ነው። «ኦፋን» መንኮራኩር ሲሆን «አይም» የሚለው መጨረሻ ጥንድን ያሳያል፣ ዓይኖችን «ዔናይም»፣ ጆሮዎችን «ኦዝናይም» እንደሚሉት። ስለዚህ በዕብራይስጥ አንድ ብስክሌት ብዙ ነው፤ «ብስክሌቶቼ አዲሶች ናቸው» ይባላል። ልጁ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲያመጣው «ማይ ባይሲክልስ አር ኒው» ይላል፤ ሰሚው ስንት ብስክሌት አለው ብሎ ይገረማል። ትክክሉ «ማይ ባይሲክል ኢዝ ኒው» ነው። የእኛው «ብስክሌት» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ እንደ ፍሬንና እንደ ቸርኬ። የጣሊያኑም የእንግሊዙም ቃል ሲፈታ «ሁለት ክብ» እንደ ማለት ነው። ዕብራይስጡም ሁለት መንኮራኩር ይላል፤ ልዩነቱ አንዱ አንድ ነው ብሎ፣ ሌላው ብዙ ነው ብሎ መቁጠሩ ብቻ ነው።

የድምፁም ነገር አለ። «ሞተርሳይክል» የለመደ ሰው «ባይሳይክል» ይላል። እንግሊዞች ግን «ባይሲክል» ነው የሚሉት፤ መጀመሪያው ጠንከር፣ የቀረው ቀለል ተደርጎ። የሚያደናግር ከሆነ «ባይክ» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ምንም ነውር የለበትም።

ወደ ካርዱ እንመለስ። «በብስክሌት የሄድክበትን የማትረሳውን ቀን ንገረኝ» ቢባል፣ የፔታህ ቲክቫ ልጅ በእጁ ትልቅ ሀብት አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሀብት መሆኑን አያውቀውም። ዮም ኪፑር ነው። በዚያ ቀን መኪና ይቆማል። በሌላው ቀን አውቶቡስና ባቡር የሚተራመስበት የጃቦቲንስኪ ጎዳና ጭር ይላል። ጀምበር ስትጠልቅ ከየሕንፃው ልጆች ብስክሌታቸውን እየገፉ ይወርዳሉ፤ አውራ ጎዳናው ሁሉ የእነሱ ይሆናል። በመላው እስራኤል እንዲሁ ነው፤ አንዳንዶች ቀኑን በቀልድ የብስክሌት በዓል ይሉታል። ለንደን ወይም ቶሮንቶ ያደገ ፈታኝ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ላያውቅ ይችላል። ያዳምጣል።

በዚያው ሰዓት ሽማግሌዎች በጸሎት ቤት ናቸው። ለእነሱ ቀኑ አስተሰርዮ ነው፤ በአገር ቤት ቄሶቹ እየመሩ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞና ቆሞ የሚያሳልፈው ቀን። በዚያ ቀን የልጅ ልጅ በብስክሌት ሲበር ማየት ብዙዎችን ያሳዝናል፣ በቤት ውስጥም ንግግር ያስነሣል። ልጁ በፈተናው ላይ ይህንን መደበቅ አይገባውም። እንዲያውም ጥሩ የሁለት ደቂቃ መልስ የሚወጣው ከዚህ ነው፦ «ማይ ግራንድፋዘር ፋስትስ ኤንድ ፕሬይስ ኦል ደይ። ሂ ዳዝንት ላይክ ኢት ዌን ዊ ራይድ። ባት ዌን አይ ወዝ ናይን፣ ዘ ስትሪት ወዝ ኤምፕቲ፣ ኤንድ ኢት ወዝ ዘ ፈርስት ታይም አይ ወዝ ኖት አፍሬይድ።» አያቴ ቀኑን ሙሉ ይጾማሉ፣ ይጸልያሉ፤ ስንነዳ ደስ አይላቸውም፤ ነገር ግን የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ መንገዱ ባዶ ነበር፣ ሳልፈራ የነዳሁትም ያን ጊዜ ነው። ሁለት ሐሳብ በአንድ መልስ ተናግሯል፤ «ባት» የምትለዋ ትንሽ ቃል ናት ያገናኘቻቸው። የእሱ ቤት ታሪክ ስለሆነ ደግሞ ማንም ሸመደድከው አይለውም። ጾሙን በተመለከተ የቤቱ ክርክር በቤቱ ይቀጥላል።

በአንዷ ደቂቃ ማስታወሻ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። አምስት ስድስት ቃል ይበቃል፦ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማኝ። መውደቅ ካለበት ደግሞ ጥሩ ነው፤ «አይ ፌል ኦፍ ማይ ባይክ» ይባላል። የወደቀ ሰው ሁልጊዜ የሚያወራው አለው። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ፈታኙ መሐል ላይ ያቋርጠዋል። ይህ ቁጣ አይደለም፣ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ያላወቀ ልጅ ግን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጥና ቀጣዩን ያበላሻል። አስቀድሞ ቢነገረው ይሻላል።

በአገር ቤት ላለው ተፈታኝም የሚያወራው አይጠፋም። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች በጣና ዳር ብስክሌት የዕለት መጓጓዣ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ሲሆን (በአውሮፓ 1956) ያን ጊዜ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እዚህም ቢሆን በ2018 እ.ኤ.አ. ትልቁ የጣሊያን ውድድር ጂሮ ዲታሊያ ከኢየሩሳሌም ተነሥቷል፤ ከአውሮፓ ውጭ ሲጀመር ያ የመጀመሪያው ነው። ከእነዚህ አንዱን መጥቀስ መልሱን ያስጌጣል። ሁሉንም መደርደር ግን ፈተናውን የታሪክ ፈተና ያደርገዋል፤ ልጁም የራሱን ትቶ የሌላውን ማውራት ይጀምራል።

የሐሳብ ጥያቄዎቹ ላይ አያቶች እንደገና ይመጣሉ። «ብስክሌት በከተማ ውስጥ መበረታታት አለበት?» ሲባል የመማሪያ መጽሐፉ መልስ አየር አይበክልም፣ ለጤና ይጠቅማል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ሺህ ተፈታኝ ያለው ነው። ከገበያ ዘንቢል ይዘው የሚመለሱ አንዲት አረጋዊት ግን ሌላ መልስ አላቸው፦ ከኋላ ድምፅ ሳያሰማ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ብስክሌት። በእስራኤል ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መንዳት አይፈቀድለትም፤ በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳትም ክልክል ነው። በመንገድ ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ልጁ «አይ ሰፖርት ባይክ ሌንስ፣ ቢኮዝ ማይ ግራንድማዘር ኢዝ አፍሬይድ ቱ ዎክ ኦን ዘ ሳይድዎክ» ቢል፣ ማለትም ለብስክሌት የተለየ መንገድ እንዲሠራ የምደግፈው አያቴ በእግረኛ መንገድ ለመሄድ ስለሚፈሩ ነው ቢል፣ አቋምም ምክንያትም ማስረጃም በአንድ ዓረፍተ ነገር አቅርቧል።

ልምምዱ በቤት እንዲህ ሊሆን ይችላል። አያት ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። ጥያቄዎቹ በፊደል ተጽፈው በእጃቸው አሉ፤ ስልኩ መቅጃው ላይ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ጥያቄውን ያነባሉ። አነጋገራቸው የእንግሊዝ ባይሆንም ግድ የለም፤ በአይኤልትስ የሚመጡት ፈታኞችም አነጋገራቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ልጁ ሲመልስ አያት የሚያዳምጡት ቃሉን ሳይሆን ዝምታውን ነው። የት ቆመ? ስንት ጊዜ «እእእ» አለ? ድምፁ መጨረሻ ላይ ወደቀ ወይ? ይህን ለመስማት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም። ከቆመ በአንዲት ቃል ያስቀጥሉታል። «ዌን?» መቼ። «ዊዝ ሁ?» ከማን ጋር። «ኤንድ ዜን?» ከዚያስ። ከሁሉ የምትጠቅመው «ዋይ?» ናት። በእኛ ቋንቋ ዋይ የለቅሶ ናት፤ በእነሱ ግን ለምን ማለት ስለሆነች ጎረቤት ቢሰማ እንዳይደነግጥ ብቻ ነው።

ልጁም አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይያዝ፦ «ኩድ ዩ ሪፒት ዘ ኴስችን፣ ፕሊዝ?» እባክዎ ጥያቄውን ይድገሙልኝ። ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ሲሆን ይህን መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ያልገባውን ጥያቄ በግምት ከመመለስ እጅግ ይሻላል።

ከዚያ የተቀዳው ይከፈትና አብረው ይሰሙታል። መጀመሪያ ልጁ የራሱን ድምፅ መስማት ያፍራል፤ በሦስተኛው ቀን ይለምደዋል።

ለዛሬ ማታ የሚሆኑ ጥያቄዎች እነሆ፤ በትልቁ ተጽፈው ፍሪጅ ላይ ቢለጠፉ ይመቻሉ።

«ካን ዩ ራይድ ኤ ባይሲክል?» ብስክሌት መንዳት ትችላለህ? «ሁ ቶት ዩ?» ማን አስተማረህ? «ዲድ ዩ ኤቨር ፎል?» ወድቀህ ታውቃለህ? «ኢዝ ኢት ሴፍ ቱ ራይድ ኢን ፔታህ ቲክቫ?» በፔታህ ቲክቫ መንዳት ያሰጋል ወይስ አያሰጋም? «ሃው ዲድ ዩር ግራንድፓረንትስ ትራቭል?» አያቶችህ በምን ይጓዙ ነበር?

የመጨረሻውን ልጁ መመለስ ካቃተው መልሱ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ መጀመሪያ በአማርኛ ይነገረው፣ ከዚያ እሱ በእንግሊዝኛ ይሞክረው።